የኢንቨርደሪ ከበሮ መቺ

ተኽኣ ስትሮክ አንደበቱን ከመዝጋቱ በፊት ሰው በተሰበሰበበት ያወራት የመጨረሻ ወሬ አንዲት ናት። ጉድ የሠራችውም እሷው ናት።

ነገሩ የሆነው ኦክላንድ፣ ለቅሶ ቤት ውስጥ ነው። ሽማግሌዎቹ እንደ ልማዳቸው ሟቹን በሁለት ዓረፍተ ነገር ሸኝተው ወደየራሳቸው ወጣትነት ዞረዋል። አንዱ አስመራ በጣሊያንኛ እየተሰደበ እንዴት እንደተማረ ያወራል፤ ሌላው አዲስ አበባ አዳሪ ሆኖ የበላውን የክክ ወጥ እያስታወሰ ፊቱን ያጨማድዳል። ተኽኣ ዕድሜውን ሙሉ አድማጭ ነው። የዚያን ቀን ግን ምን እንደነካው እንጃ፣ ጉሮሮውን ጠረገና «እኔ እንኳ አካዳሚ እያለሁ በየዓመቱ ድንበር እንወጣ ነበር» አለ። «ዩኒፎርማችንን ግጥም አድርገን። እኔ ከበሮ መቺ ነበርኩ፤ ከፊት።»

ይህን እንዳለ ምሳ ቀረበ። የሳህኑ ኳኳታ ወሬውን በላው። አካዳሚው የት አገር እንደሆነ፣ ድንበሩም የማን ድንበር እንደሆነ ሳይናገር አንዲት ሴት አጠገቡ ቆማ «ምስር ይሁንልህ ወይስ ሽሮ?» አለችው፤ እሱም ሽሮ አለ። ታሪኩ እዚያው ቀረ።

እዚያ ለተቀመጡት ግን ሙሉ ታሪክ ነበር። በነሱ ዕድሜ አካዳሚ የሚባለው አንድ ብቻ ነው፤ ሐረር ያለው፣ የጦር መኮንን የሚመረቅበት። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ዳይፐሩን ያልፈታ ሕፃን የሚውልበት ግቢ ሁሉ አካዳሚ መባሉ እነሱ ከወጡ በኋላ የመጣ ፋሽን ነው። ስኮትላንድ የሚባል አገር ውስጥ ተራ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አካዳሚ እንደሚባልማ ማን ይንገራቸው። ስለዚህ የሰሙት እንዲህ ነው፦ ተኽኣ፣ ያ ዝምተኛው ተኽኣ፣ ለካ የጦር መኮንን ኖሯል፤ ድንበርም ወጥቷል።

ከሰሙት መካከል ዘመንፈስ ነበረ። ዘመንፈስና ተኽኣ ኦክላንድ ዳውንታውን አንድ ጋራዥ ውስጥ የሰው መኪና ሲያቆሙ አብረው ያረጁ ጓደኛሞች ናቸው። ጡረታ ከወጡም በኋላ፣ ተኽኣ ቤቱን ወደ ሳን ሆዜ ካዛወረም በኋላ፣ እሑድ እሑድ ኦክላንድ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ካለው ከሸረፈዲን ሱቅ ጀርባ ተገናኝተው በካርታ ኮንከር ይጫወታሉ፤ እየተሰዳደቡ። ዘመንፈስ ታናሽ ወንድሙን ያጣው አስመራ ነው፤ ደርግ በመጣ በዓመቱ። ከገዛ በራፋቸው አስወጥተው ነው የገደሉት። ገዳዮቹም ዩኒፎርማቸውን ግጥም ያደረጉ ነበሩ። ተኽኣ ይህን ያውቃል፤ አብሮት አልቅሶበታል።

ዘመንፈስ ሳህኑን ሳይነካ ተነስቶ ወጣ። በሚቀጥለው እሑድ ሱቁ አልመጣም። ተኽኣ ምን እንደበደለ ሳይገባው ብቻውን ካርታ ሲበውዝ ዋለና ወደ ቤቱ ነዳ። ወር ሳይሞላው ወደቀ።

ሩሓማ የተኽኣ አንድ ልጅ ናት። እናቷ ካረፈች ወዲህ ሳን ሆዜ፣ አንድ አፓርትመንት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ከአባቷ ጋር ትኖራለች። ማውንቴን ቪው አንድ ካምፓኒ ሎቢ ላይ ተቀምጣ ለእንግዳ ባጅ ትሰጣለች፤ ስምህን ሲስተሙ ውስጥ ካላገኘችው የባለቤቱ ወንድም ብትሆን አታስገባህም። ኩራቷ ከዚያ ወንበር የመጣ ነው የሚሉ አሉ። ውሸታቸውን ነው፤ ከእናቷ ሆድ ይዛው የወጣችው ነው። ሰው ለምና አታውቅም፤ ሰው እሷን ሲለምናት ነው የምታውቀው።

አባቷ ሆስፒታል እያለ ጠያቂ ሞልቶ ነበር። ቤት ከገባ በኋላ ግን ሰዉ ሳሳ፤ የሚመጣውም ጁሱን በር ላይ አቀብሎ፣ ሥራ እንዳለበት ተናግሮ ይሄዳል። ዘመንፈስ አንድም ቀን አልመጣም። የተኽኣ ቀኝ ጎን በድን ሆኗል፤ ቃልም የለውም። አእምሮው ግን ቦታው ላይ ነው፤ ዓይኑን ያየ ያውቃል። ወንበሩን በምልክት ወደ መስኮቱ አስዞረ። ከታች ፓርኪንጉ ነው። የዘመንፈስን መኪና የመሰለ አረንጓዴ ካምሪ በገባ ቁጥር አንገቱ ይቀናል፤ ሾፌሩ ወርዶ ዘመንፈስ አለመሆኑን ሲያይ አንገቱ ተመልሶ ይሰበራል። ሐኪሙ ሩሓማን ኮሪደር አውጥቶ ሁለተኛ ስትሮክ ሊመጣበት እንደሚችል፣ ሁለተኛው እንደ መጀመሪያው እንደማይምረው ነግሯታል። ከዚያ ወዲህ ሩሓማ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዘመንፈስ በዚያ በር ሲገባ ማየት። ለምን እንደቀረ አታውቅም። ሰነፍ ሽማግሌ ብላ በሆዷ ሰድባዋለች።

የንግግር ቴራፒስቷ ካምቤል ካለ ክሊኒክ የምትመጣ ደግ ሴት ናት። የድሮ ነገር አሳዪው አለቻት፤ ሙዚቃ፣ ሰፈሩን፣ ልጅነቱን፤ የጠፋ ቃል አንዳንዴ ባልታሰበ በኩል ብቅ ይላል። ሩሓማ የትግርኛ ዘፈን ከፈተችለት፤ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ፣ ቃል ግን የለም። አስመራን አሳየችው፤ እንባው መጣ እንጂ ቃል አልመጣም። በመጨረሻ ታብሌቱ ላይ ኢንቨርደሪ ብላ ጻፈች።

የተኽኣ አባት አዲስ አበባ የአንድ ስኮትላንዳዊ መምህር ዘበኛ ነበሩ። መምህሩና ሚስቱ ልጅ የላቸውም። ኮንትራታቸው ሲያልቅ፣ ጃንሆይ ገና ዙፋናቸው ላይ ሳሉ፣ እንግሊዝኛ ቶሎ የገባውን የዘበኛውን ልጅ አስፈቅደው ይዘውት ሄዱ። ኢንቨርደሪ የሚሏት፣ ባሕር ዳር የተለጠፈች፣ ነፋስ የማይለያት ትንሽ ከተማ ናት። ልጁ እዚያ አካዳሚ ገብቶ ጥቂት ዓመት ተማረና ተመለሰ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜው እንደ ሰው ሁሉ ነው፤ ኢንሹራንስ ቤት ጸሐፊ፣ ሱዳን፣ ኦክላንድ፣ ጋራዥ።

ሌላው ልጅ ሲተኛ ተረት ይነገረዋል፤ ለሩሓማ የሚነገራት ኢንቨርደሪ ነበር። የገበያው መስቀል አለ፤ መስቀል ይሉታል እንጂ መስቀል የለበትም፤ ረዥም የድንጋይ ምሰሶ ነው፣ አናቱ ላይ ባለ አንድ ቀንድ ፈረስ ተቀምጧል። ታዲያ ለምን መስቀል አሉት ስትለው «እነሱን ጠይቂ፤ እኔ በመጀመሪያው ቀን ተሳልሜው ሳቁብኝ» ይላታል። የሰዓቱ ማማ አለ፤ በሦስት ጎኑ ሰዓት ተገጥሞለታል፣ ወደ ዓሣ አጥማጆቹ ሰፈር የዞረው አራተኛው ጎን ግን ባዶ ድንጋይ ነው። ማማው ሲሠራ ዓሣ አጥማጆቹ አናዋጣም ስላሉ ከተማው እንግዲያው ሰዓት አታዩም ብሎ ፈረደባቸው፤ የልጅ ልጆቻቸውም ይኸው እስከ ዛሬ ሰዓት የሚጠይቁት መንገደኛ ነው። አካዳሚውን ያሠራው ሄሪንግ በሚሉት ዓሣ የከበረ ነጋዴ ነው። ሐውልቱ ግቢው መሐል ቆሟል፤ ፈተና በደረሰ ቁጥር ተማሪው ለዕድሉ አፍንጫውን እየዳሰሰ ሰውየውን አፍንጫ አልባ አድርጎታል።

ከሁሉ የምትወደው ድንበሩን ነበር። በዓመት አንድ ቀን፣ በበጋ፣ የኢንቨርደሪ ሰው በሙሉ ወጥቶ የከተማዋን ወሰን ይዞራል። ድሮ ጎረቤት ባላባት የወሰን ድንጋይ እየገፋ መሬት ይሰርቅ ስለነበር ድንጋዮቹ በቦታቸው መኖራቸውን ለማየት የተጀመረ ነው፤ ዛሬ የሚገፋ የለም፣ እነሱ ግን ይዞራሉ። ከፊት ያ ከረጢት የመሰለው የስኮትላንዶች ዋሽንት እያለቀሰ ይሄዳል። ቀጥሎ የአካዳሚው ልጆች፣ የአገሩ ወንድ የሚለብሰውን ቀሚስ ለብሰው፣ ከበሮ አንግበው፤ ከንቲባው ፊት ሲደርሱ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ያወጣሉ። እያንዳንዱ ድንጋይ ጋ ደግሞ በዚያ ዓመት የመጣውን አዲስ ልጅ በእጅ በእግሩ አንስተው ቂጡን ድንጋዩ ላይ ያሳርፉታል፤ ድንበሩን እንዳይረሳው። ተኽኣ በደረሰ ዓመት አዲሱ ልጅ እሱ ነበር። «አስመራ ተወለድኩ፣ አዲስ አበባ አደግኩ፤ ድንበሩን በቂጤ የማውቀው አገር ግን ኢንቨርደሪ ብቻ ነው» ይላል። ይህን ብሎ የሚስቀው ሳቅ እናቷን ያናድዳት ነበር።

ለልጁ እንጂ ለጓደኞቹ ይህን አልተነፈሰም። ጋራዡ ውስጥ የቆመው ሁሉ አገር ቤት አንድ ነገር የነበረ ሰው ነው፤ ነበርኩ ያለ ግን ቀኑን ሙሉ መጫወቻ ይሆናል። «ስኮትላንድ ተምሮ የሰው ቶዮታ የሚያቆም እንዲሉኝ ነው?» ይላት ነበር። የደበቀው ለዚህ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም።

ሩሓማ ልጅ ሳለች ከተማዋን አባቷ የፈጠራት ይመስላት ነበር። ለካ በእውነት አለች። ባለ አንድ ቀንዱ ፈረስ አለ፣ ባዶ ጎን ያለው ማማ አለ። አካዳሚው ግን አፓርትመንት ሆኗል፤ አባቷ ላቲን የተማረበት ክፍል «ባለ ሁለት መኝታ፣ ብርሃን የሞላበት» ተብሎ ለኪራይ ወጥቷል። እሱን ዘለለችውና ድንበር የሚዞሩበትን ቪዲዮ ከፈተችለት።

ተኽኣ መጀመሪያ ዝም ብሎ አየ። ከበሮው ሲጀምር ግራ እጁ፣ ጤነኛው፣ የወንበሩን መደገፊያ መምታት ጀመረ፤ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ ከልጆቹ እኩል። ሰልፉ የዛሬዋ ከንቲባ ፊት ሲደርስ ያ እጅ ተነስቶ ግንባሩ ላይ ወጣ። አፉ ተከፈተ። ከንፈሩ ቃሉን ፈለገው፣ ሳተው፣ እንደገና ፈለገው።

«አካዳሚ» አለ።

ሩሓማ ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ቴራፒስቷ ጋ ኮል አደረገች፤ ቴራፒስቷም በስልክ አጨበጨበችላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተኽኣ አንድ ቃል ያለው ሰው ሆነ። ውሃ ሲፈልግ አካዳሚ ነው። መብራት ሲበዛበት አካዳሚ ነው። ሽንት ቤት ደግሞ በጥድፊያ የተባለ አካዳሚ ነው። እሷም ቃሉን በድምፁ መለየት ተማረች፤ ደክሞት የሚላትን፣ ተቆጥቶ የሚላትን፣ አመሰግናለሁ ለማለት የሚላትን። አረንጓዴ ካምሪ ሲገባ የሚላት ግን ሌላ ናት፤ መጨረሻዋ ላይ ከፍ የምትል፣ ጥያቄ የሆነች። «አይደለም አባዬ» ትለዋለች።

ሸረፈዲን የደወለላት በዚያ ሰሞን ነው። ሸረፈዲን የወሎ ሰው ነው፤ ድሮ ታክሲ ነጂ፣ ዛሬ በርበሬና የስልክ ቻርጀር ባንድ መደርደሪያ የሚሸጥ፤ ሆዱ ውስጥ ነገር የማያድርለት። ስለ በሽተኛው ጤና ጠይቆ፣ ዱዓ ካደረገ በኋላ «ልጄ፣ አባትሽ ወታደር ነበር እንዴ?» አላት። ሳቀች። እሱ አልሳቀም። ያኔ ነው የደነገጠችው። ከዚያ የለቅሶ ቤቱን ወሬ፣ የዘመንፈስን አነሳስ፣ ሰዉም እሱን እያየ እንዴት እንደራቀ አንድ ሳያስቀር ነገራት።

ስልኩን ዘጋች። አባቷ ከመስኮቱ ዞር ብሎ ማን ነው ለማለት «አካዳሚ?» አላት። በአማርኛ፣ በትግርኛ፣ በእንግሊዝኛ ካለው ቃል ሁሉ ተርፎ የተመለሰለት ያ አንድ ቃል ነው። እሷ ናት ፈልጋ ያመጣችለት።

እሑድ ከሰዓት አንዲት አስታማሚ አባቷ ዘንድ አስቀምጣ በ880 አውራ ጎዳና ወደ ኦክላንድ ወጣች። ማስረጃ ይዛለች። የኢንቨርደሪ የታሪክ ማኅበር ዌብሳይት ላይ ያገኘችው ፎቶ ስልኳ ውስጥ ነው፤ ጥቁርና ነጭ፣ የአካዳሚው ከበሮ መቺዎች በድንበሩ ቀን፤ ከፊት አንድ ጠይም ልጅ፣ ከበሮው ሊውጠው የደረሰ፣ ጥርሱ ብቻ የሚታይ።

ዘመንፈስን ሱቁ ጀርባ ብቻውን ካርታ ደርድሮ አገኘችው። ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ቀጭን ሰው ነው። ተነስቶ ሳማት፤ ልጅቷ ላይ ቂም የለውም። ስለ አባቷ ግን አልጠየቃትም። እሷም ተቀምጣ ከዘበኛው ቤት ጀምራ እስከ አፍንጫ አልባው ሐውልት ድረስ አስረዳችው፤ አካዳሚ ማለት እዚያ አገር ሃይስኩል ማለት እንደሆነ፣ ድንበሩም የአንዲት ትንሽ ከተማ ወሰን እንጂ የአገር ድንበር እንዳልሆነ። አባቴ አንደበቱ ተዘግቷል አለችው። እውነት ነው፤ ስለዚያች አንዲት ቃል ግን መናገር አልቻለችም። ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሳ ተመለሰችባት።

ዘመንፈስ ካርታውን እየደረደረ ሰማት።

«ጓለይ፣ ልጄ» አለ በመጨረሻ፤ «የተኽኣን የጫማ ቁጥር አውቃለሁ። ስኮትላንድ የሚል ቃል ካፉ ወጥቶ አያውቅም።»

«ያፍር ነበር ጋሼ ዘመንፈስ። እንዳይሳቅበት።»

«እኔ ልስቅበት?»

ይስቅበት እንደነበር ሁለቱም ያውቃሉ።

ፎቶውን አወጣች። ሸረፈዲን ከባንኮኒው ጀርባ መነጽሩን እየፈለገ መጣና አንገቱን አስግጎ አየ። «ሱብሃነላህ፣ ይሄ ተኽኣ ነው? ቀሚስ ለብሶ? ወላሂ ይሄ ልጅ እንኳን አገር ሊወጋ ዶሮም አያባርር» አለ። ሩሓማ ሳቋ መጣ። ዘመንፈስ ግን ስልኩን ተቀብሎ በሁለት ጣቱ ምስሉን ያሰፋ ጀመር። ቀሚሱን አልነበረም የሚያየው። ነጩን ቀበቶ፣ ደረት ላይ የተሰለፉትን የነሐስ ቁልፎች፣ ግንባር ላይ የወጡትን እጆች ነበር።

«ተማሪ ነው ትይኛለሽ።»

«ተማሪ ነው። ልጅ ነው፤ ያዩታል አይደል?»

«ወንድሜን የወሰዱትም ልጆች ነበሩ።» ስልኩን መለሰላት። «እሺ፣ አመንኩሽ እንበል። እንግዲያው ይህን ሁሉ ዘመን ደብቆኛል። እኔ ወንድሜ እንዴት እንደወደቀ ነግሬዋለሁ። እናቴ ሬሳው ላይ ምን እንዳለች ነግሬዋለሁ፤ ለሚስቴ ያልነገርኩትን። እሱ አንዲት ትምህርት ቤት ሊነግረኝ አልቻለም። ወይ ወታደር ነበር፣ ወይ ደብቆኛል። የቱን ልውሰድልሽ?»

ሎቢዋ ላይ ለሰው ሁሉ መልስ ያላት ሩሓማ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ጥፋቱ እሱ ጋ ቢሆን ትሰድበው ነበር፤ ምላሷ ለዚያ አያንስም። ሰውየው ግን የተናገረው ልክ ነው። ከሁለቱ የቱንም ቢወስድ አባቷን ይዞ አይመጣም።

ያኔ ለመነችው። እንዴት እንደሚለመን ስለማታውቅ አሳጠረችው። «ምንም አይውሰዱ ጋሼ። ዝም ብለው ይምጡ። በመስኮት ነው የሚጠብቅዎት።»

ዘመንፈስ ካርታ አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠ። ሩሓማ ያን የሰዓት ማማ አሰበች፤ ባዶውን ጎን።

ጥቂት እሑዶች አለፉ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሸረፈዲን ደወለ። ነገ ይዤው እመጣለሁ አላት፤ በኔ ቫን፣ እሱ ሀይዌይ መንዳት ትቷል። «እግዜር ይማርህ ብሎ ይወጣል፤ አይቀመጥም። የተስማማው እሱን ነው። አንቺ ብቻ በአላህ አታስረጂ። ያን አገር እንዳታነሺው፤ ፎቶም የለ፣ ምንም የለ። ይግባ፣ ይማርህ ይበል፣ ይውጣ። የቀረውን ዓይን ለዓይን ሲተያዩ ይጨርሱታል።»

ሩሓማ ቅዳሜን ሙሉ ሠራች። ታብሌቱን ፎጣዎቹ ሥር ቀበረችው። ከዚያ አባቷ ፊት በርጩማ ይዛ ተቀመጠችና ሌላ ቃል ልታስተምረው ሞከረች። አንድ ቃል፤ ምንም ይሁን።

«ሰላም በል አባዬ። ሰ፣ ላም።»

ከንፈሯን አተኩሮ አየ። ተማሪ ነበረ አንድ ጊዜ፤ ጎበዝ ተማሪ። ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ፣ አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተገተረ፣ ምላሱ ጥርሱን ነካ። «አካዳሚ» አለ፤ ልክ እንዳልሆነ ራሱ ሰምቶት ዓይኑን ሰበረ። «አንዴ ብቻ» አለችው፤ እንደገና ሞከረ። እንደገና። ወደ ማታ ላይ ተወው አለችና እጁን ሳመችው። ታብሌቱን ፎጣ ሥር ደበቀችው፤ አባቷን የት ትደብቀው።

በማግስቱ ጢሙን ላጨችው፣ ሰማያዊ ሸሚዙን አለበሰችው። ግራጫው ቫን ሲገባ ተኽኣ አላወቀውም፤ አረንጓዴ ካምሪ ነው የሚጠብቀው። ሩሓማ ደረጃው ላይ የሁለት ሰው ኮቴ ሰማች። አንደኛው በየደረጃው ቆም ይላል። በሩን ከፈተች።

ሸረፈዲን ቀድሞ ገባ፤ ዘመንፈስ ከኋላው፣ ቆቡን ባንድ እጁ፣ ፌስታል ብርቱካን በሌላው ይዞ። ተኽኣ ዞረ።

የዚያ ፊት ነገር አይነገርም። የሞተው ቀኝ ጎኑ እንኳ ሊስቅ ሞከረ። ድምፁ ከሆዱ መጣ፤ ቃል አልነበረም፣ የሰው ድምፅ ብቻ። ዘመንፈስ አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደ፣ ከዚያ ሌላ። ሸረፈዲን «አልሐምዱሊላህ» አለ በለሆሳስ።

ተኽኣ ግራ እጁን አነሳ። ለሚያከብረው ሰው የሚሰጠው ሰላምታ እግዜር አንድ ብቻ ነበር የተወለት። እጁ ቀጥ ብሎ ግንባሩ ላይ ወጣ።

«አካዳሚ» አለ፤ ጥርት አድርጎ። ቃሏ ያን ያህል ጠርታ ወጥታ አታውቅም።

ዘመንፈስ ቆመ።

ተኽኣ አላየውም፤ ደስታው አላሳየውም። እጁን አውርዶ የወንበሩን መደገፊያ መምታት ጀመረ፤ የድንበሩን ቀን ምት። «አካዳሚ» ይላል፣ ይመታል፣ ዓይኑን ወደ ጓደኛው ያነሳል፣ ይስቃል፣ ደግሞ «አካዳሚ» ይላል። ለቅሶ ቤት ሽሮ ያቋረጠበትን ወሬ ነበር የሚቀጥለው። ሩሓማ አንድ በአንድ ትሰማዋለች፦ ይሄ ፈረሱ ነው፣ ይሄ የተሳለመው መስቀል ነው፣ ይሄ በእጅ በእግሩ አንስተው ድንጋዩ ላይ ሲያሳርፉት ነው፣ እዚህ ጋ ነው የሚሳቀው። ተደብቆ የኖረውን ሁሉ እየነገረው ነበር። ዘመንፈስ የሚሰማው ግን አንድ ቃልና የሰልፍ ምት ነው።

«ሌላ ቃል የለውም ጋሼ» አለች። «ውሃም ሲጠማው እሱኑ ነው የሚለው። እኔ ነኝ...» ሸረፈዲን አያት። ዘመንፈስም ቆብ በያዘው እጁ በቃ አላት። እውነቱን ነበር የተናገረችው፤ ለራሷ ጆሮም ግን ውሸት መሰላት።

ዘመንፈስ ብርቱካኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ወደ ወንበሩ ቀረበ። ተኽኣ መምታቱን ትቶ በዚያው እጁ እጅጌውን ያዘው፤ ተቀመጥ ለማለት ጎተት አደረገው። ዘመንፈስ እጅጌውን የያዘችውን እጅ፣ ቅድም ግንባር ላይ የወጣችውን እጅ፣ ቁልቁል አያት። አላስለቀቃትም። አልያዛትምም። ፊቱ ላይ የሚነበብ ምንም አልነበረም።

«እግዜር ይማርህ» አለ።

ለታመመ ሰው የሚባለው እሱ ነው። ለበደለም የሚባለው እሱ ነው። ሩሓማ ከአንድ ቃል ውስጥ ጥማትን፣ ድካምን፣ ቁጣን ለይታ ማውጣት የተማረች ሴት ናት፤ የዘመንፈስን ድምፅ ደጋግማ በጆሮዋ መለሰችው፤ ለየትኛው እንዳለው መለየት አልቻለችም። ቀና ብላ ሳትጠይቀው በሩ ላይ ደርሷል።

ተኽኣ ምን እንደሚመለስ ያውቃል። በሽተኛ ይማርህ ሲባል የሚለውን አንድ ቃል፣ ሕፃንም የሚያውቃትን። ከንፈሩን ገጠመ፣ ተጣጣረ፣ በሙሉ ልቡ መለሰ።

«አካዳሚ።»

ኮቴዎቹ ደረጃውን ወረዱ፤ በዚህ ጊዜ በየደረጃው የቆመ አልነበረም። ተኽኣ ወንበሩን ወደ መስኮቱ እንድታዞርለት ጠየቃትና አዞረችለት። ዘመንፈስ ቫኑ ውስጥ ሲገባ ተኽኣ እጁን እንደገና ግንባሩ ላይ አወጣ። ከታች ቀና ያለ የለም።

ከዚያ ወዲህ ለግራጫ ቫንም አንገቱ ይቀናል።